ጠርዙን የማይቆርጥ ማሽን

«ጠርዙን ትበላለች» አለች እሳቷ።

ሻጩ ያልሰማ መሰለ። ትንሿን ማሽን የመስታወቱ ባንኮኒ ላይ አስቀምጦ፣ ስላይዱ፣ በክፈፍ የታሰረው ትንሽ ፊልም፣ በአንድ ጎኗ ገብቶ በሌላው ሲወጣ፣ መዳፍ በምታክል ስክሪኗ ላይም ፎቶው ቦግ ሲል እያሳየ ነበር። ፊቱ ልጁ ከክፍሉ አንደኛ የወጣለት አባት ፊት ነው።

«ምኑን ነው የምትበላው?» አለች ዳይሬክተሯ። ዳይሬክተሯ የማሙሽ ታላቅ እህት ናት። ቤተሰቡ ይህን ስም ያወጣላት የምትመራው መሥሪያ ቤት ኖሯት ሳይሆን የማትመራው ነገር ስለሌለ ነው።

«የፎቶውን ጠርዝ። እዪው፤ እዚህ ስላይዱ ላይ ዛፉ ሙሉ ነው። ስክሪኑ ላይ ግማሽ ዛፍ ነው ያለው። በአራቱም ጎን ትቆርጣለች፤ ደማቁን ቦታ ደግሞ ኖራ ታደርገዋለች።»

«እህቴ» አለ ሻጩ ፈገግ ብሎ፣ «ጠርዝ ላይ ምን አለና? ሰማይና ሣር ነው እኮ።»

«እውነቱን ነው» አለች ዳይሬክተሯ። «ሰው የሚቆመው መሃል ነው።»

እሳቷ ጥርሷን ነከሰች። ይህን ስም ያወጡላት የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው። በምትሠራበት ሆስፒታል የራጅ ክፍል ተራውን ዘሎ ሊገባ የሞከረ አንድ ሹም በሷ እጅ ምን እንደደረሰበት ዛሬም ይወራል። አሁን ግን የመጣችው ለጠብ አልነበረም። የመጣችው ማሙሽ ስለለመናት ነው።

ማሙሽ ጢሙ ከበቀለ ዘመን አልፎታል፤ ሕንፃ የሚነድፍ አርክቴክት ነው። ግን የትልቅ ቤት የመጨረሻ ልጅ ስለሆነ ማሙሽ እንደተባለ ቀርቷል። አባቱ ድልድይ ሲሠሩ የኖሩ መሐንዲስ ናቸው፤ የሄዱበት ሁሉ ካሜራቸው አብሯቸው ሄዷል። ከዚያ ዘመን የተረፈው ባለቀለም ስላይድና ጥቁርና ነጭ ኔጋቲቭ አንድ ቁም ሣጥን ሞልቷል። አሁን የሽማግሌው ዓይን ታሟል። የሚያዩት ነገር ሁሉ መሃሉ ጠፍቶ ዳር ዳሩ ብቻ ቀርቶላቸዋል፤ እሱም እየሳሳ ነው። ጨርሶ ሳይጨልም ልጆቻቸው ፎቶዎቹን ወደ ዲጂታል ቀይረው በትልቁ ቴሌቪዥን ሊያሳዩአቸው፣ ዘመድም ሊሰበሰብ ለቅዳሜ ተቀጣጥረዋል።

ለእሳቷ ግን ቅዳሜ ሌላ ነገር ነበር። ማሙሽ በዚያ ቀን፣ በዘመድ ሁሉ ፊት፣ «የማገባት ሴት ይህቺ ናት» ሊል ቃል ገብቶላታል፤ እሷን ራሷን መጠየቁን ግን ረስቶታል። እስከዚያ በቤቱ ውስጥ መጠሪያዋ «ያቺ የሆስፒታል ልጅ» ነው። የልብስ ሰፊ ልጅ መሆኗንማ የሚያነሱት የክፉ በሽታ ስም እንደሚጠራ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው።

«ያ ጠፍጣፋው ስካነርስ?» አለ ማሙሽ ወደ መደርደሪያው እያመለከተ።

«ክዳኑ ውስጥ መብራት አለው፣ ጥራቱም ጥሩ ነው። ግን የፊልም መያዣው ፕላስቲክ ጠርዙን ይሸፍናል። ቀርፋፋም ነው፤ ያን ቁም ሣጥን በሱ እንጨርስ ካልን እኔና አንተ ጡረታ እንወጣለን። ትክክለኛው መንገድ ካሜራውን አፉን ወደ ታች አድርጎ ማቆሚያ ላይ መስቀል፣ ከቅርብ የሚያነሳ ሌንስ መግጠም፣ ፊልሙን ደግሞ ከሥር ብርሃን የሚሰጥ ሰሌዳ ላይ ማንጠፍ ነው። እሱ ምንም አይቆርጥም። የፊልሙ ዳር ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ሳይቀሩ ይታያሉ።»

«ብርሃን የሚሰጥ ሰሌዳ!» ዳይሬክተሯ ሳቋ አመለጣት። «እንደዚያን ዕለቱ አረንጓዴ ልታደርጊን?»

ማሙሽም ሳቁን በሳል ሸፈነ። እሳቷ ሆስፒታሉ የጣለውን፣ ራጅ የሚታይበትን የብርሃን ሰሌዳ አስጠግና በኩራት ይዛላቸው መጥታ ነበር። የመጀመሪያው ስላይድ የማሙሽ ወላጆች ሠርግ ሆነ። ሙሽሮቹም፣ ሚዜዎቹም፣ እልል የሚሉት ሴቶችም ሐሞታቸው እንደፈሰሰ ሰዎች አረንጓዴ ሆነው ወጡ። እሳቷ ስህተቷን አላመነችም። «የእናንተ ዘመዶች መልክ ቢሆንስ?» ብላ ሰሌዳዋን ነቅላ ሄደች። በኋላ ነው ነገሩ የገባት፤ የሰሌዳው አሮጌ አምፖል ለቀለም አይሆንም።

«ለጥቁርና ነጭ ከሱ የሚስተካከል የለም» አለች አሁን።

«ጥቁርና ነጩን ተዪው፣ ታጥቦ ግድግዳችን ላይ ተሰቅሏል።» ዳይሬክተሯ ቦርሳዋን ከፈተች። «ይህቺን ጠቅልልልን። ማሙሽ፣ ትስማማለህ አይደል?»

ማሙሽ ጆሮውን አከከ። ሲጨንቀው የሚያክከው ጆሮ ነው፤ እሳቷ ታውቀዋለች።

«ያው... ለአሁኑ እህቴ ያለችው ይሁን» አለ።

በሩ ላይ ሲደርሱ ኔጋቲቮቹ ያሉበትን ፖስታ አስያዛት። «እነዚህን አንቺ እይልኝ» አለ። ዓይኖቹ ይቅርታ ይጠይቃሉ። እሳቷ ግን በዓይን የሚጠየቅ ይቅርታ አትወድም። ይቅርታ አፍ አለው፤ ሻጭ ፊት የተዘጋ አፍ በር ላይ በዓይን አይካስም። ፖስታውን ተቀብላ ሳትሰናበተው ሄደች፤ መንገዱን ሙሉ ልቧ በብሽቀትና በናፍቆት መካከል እየተንገላታ።

* * *

የእሳቷ እናት ከስፌት መኪናቸው ጋር የተጣሉ ይመስል መርፌውን እየረገሙ ነበር።

«ምነው ዛሬ በሩን እንደ ፖሊስ ከፈትሽው?»

«ምንም።»

«ምንም ከሆነማ ደህና ነው። በሩ ግን ምን አደረገሽ?»

እሳቷ ሰሌዳዋን ጠረጴዛው ላይ አቁማ አበራችው፤ እንደ ልማዱ ትንሽ ተንተባትቦ በራ። የመጀመሪያውን ቁራጭ ፊልም አነጠፈችበት። ሌላ ሰው ኔጋቲቭ ሲያይ ይምታታበታል፤ ፊት ጥቁር፣ ፀጉር ነጭ፣ ቀኑ ሌሊት ነው። እሷ ግን ዕድሜዋን በራጅ ፊት የቆመች ናትና እንደ ጋዜጣ ታነበዋለች።

ሦስተኛውን ፎቶ ወዲያው አወቀችው። የማሙሽ ቤት ሳሎን ውስጥ በወርቃማ ክፈፍ የተሰቀለው ነው፤ ሰሌዳዋን ይዛ የሄደች ዕለት አይታዋለች። በረንዳ ላይ እናቱ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ታላቅ እህቱ ባለሽንሽን ቀሚስ ለብሳ ቆማለች። ከፊት፣ ገና መቆም ያልቻለው ማሙሽ፣ ባለኮሌታ ካፖርት ለብሶ አንገቱን ወደ ጎን አዙሮ ከፎቶው ውጭ ያያል። «ይሄ ልጅ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ልቡ እዚህ የለም» እያሉ ይስቁበታል። ከብብቱ ሥር ደግሞ የሆነ ሰው ጣቶች ደግፈውት ይታያሉ። የማን ናቸው ሲባል «የአክስቱ መሰለኝ» ይባላል፤ ከዚያ ወሬው ይቀየራል።

ፊልሙ ላይ ግን ጣቶቹ እጅ አላቸው። እጁ ክንድ አለው። ክንዱ ጠርዙ ላይ በርከክ ያለች የአንዲት ወጣት ሴት ነው፤ የልብስ ሰፊ ሜትር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ሆዷ የገፋ።

እሳቷ ፊቷን ወደ ፊልሙ አስጠጋች።

«እማዬ፣ ነይ እስቲ።»

«እጄ ሥራ ላይ ነው።»

«ነይ ነው የምልሽ!»

እናቷ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ አስተካክለው መጡ። አጎንብሰው አዩ። ቆዩ።

«ፀጉሬ ያኔም ነጭ ነበር እንዴ?» አሉ በመጨረሻ።

«እማዬ!»

«ታዲያ ምን ልበል? እኔ ነኝ። እዚያ ቤት ልብስ እሰፋ ነበር። ልጁም ከኔ እጅ አይወርድም ነበር።» ጠቆር ያለ ጣታቸውን ፊልሙ ላይ ወዳለው ሆድ አስጠጉ፤ ሳይነኩት። «አንቺም አለሽበት። ይሄውልሽ።»

እሳቷ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። «ማሙሽ እዚህ ሲመጣ ታውቂው ነበር?»

«በር ላይ ሲቆም ነው ያወቅኩት። አባቱን ቁርጥ አይደል?»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ? 'ወልደሽ ተመለሺ' ብለውኝ ወልጄ ስልክ ባስደውል ቦታው ተይዟል ያሉኝ ሰዎች ልጅ ነው ብዬ?» መነጽራቸውን አወለቁ። «ፍቅርሽን በኔ ቂም ልጀምርልሽ? የራስሽን ጀምሪ ብዬ ዝም አልኩ።»

«ቆርጠውሻል እኮ! ግድግዳቸው ላይ ጣትሽ ብቻ ነው የቀረው!»

ፎቶ አይዋሽም የሚል ሰው ፎቶ ሲታጠብ አላየም። ፊልሙ ያየውን ሁሉ ይይዛል፤ የሚዋሸው በኋላ መቀስ ይዞ የሚመጣው ሰው ነው። ቤተሰብ የሚባለው ማን እንደሆነ በመቀስ የሚወስን፣ ልጁን የደገፈችውን ሴት ጥሎ ጣቷን የሚያስቀር! ጣቷንም ያስቀረው አዝኖ አይደለም። ጣቷን ቢቆርጥ ልጁ አብሮ ስለሚቆረጥ ነው።

እሳቷ ይህን ሁሉ በውስጧ ስትጮህ እናቷ ወደ ስፌት መኪናቸው ተመልሰው ነበር።

«እኔ የት እንደቆምኩ አውቃለሁ» አሉ ክሩን በመርፌው እያሾለኩ። «የቆረጡት ወረቀት ነው።»

መኪናው መንቀሳቀስ ጀመረ። እሳቷ የእናቷን ቀጥ ያለ ጀርባ ከኋላ ስታይ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ቁጣዬ የምትለውን ነገር ከማን እንደወረሰችው ለመጀመሪያ ጊዜ ገባት። ኩራት ነበር።

* * *

በማግስቱ ማሙሽ በምሳ ሰዓት ሆስፒታል መጣ። እሳቷ በራጅ ክፍሉ ጠባብ ማያ ክፍል ውስጥ የአንድ ሽማግሌ ደረት ፎቶ ከሰሌዳው ላይ አንሥታ በቦታው ያችን ቁራጭ ፊልም ለጠፈች።

«እይ» አለችው። ከዚያ ጠርዙ ላይ ያለችው ሴት ማን እንደሆነች፣ በሆዷ ያለችውም ማን እንደሆነች ነገረችው።

ማሙሽ አየ። ፊቱ መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያ ከሰል ሆነ። ግንባሩን ወደ ብርሃኑ አስጠጋ።

«እናቴ» አለ በመጨረሻ በተሰበረ ድምፅ፣ «እናቴ ይህን ቅዳሜ በሰው ፊት ማየት የለባትም። መጀመሪያ ለብቻዋ...»

«የለባትም?»

«ልጨርስ...»

«እናትህ እንዳይደነግጡ! የኔ እናት ሲቆረጡ ማን ደነገጠ? ማን ለብቻቸው ወስዶ ነገራቸው?»

«እሳቷ፣ አልጨረስኩም እኮ!»

«ጨርሰሃል። ሱቁም ውስጥ ጨርሰህ ነበር። ለአሁኑ እህትህ ያለችው ይሁን፤ ለአሁኑ እናትህ ያሉት ይሁን፤ የኔ ጊዜ መቼ ነው? ጠርዝ ላይ ቁሚና ጠብቂ?» ፊልሙን ነቅላ ፖስታው ውስጥ ከተተች፤ ፖስታውን ደረቱ ላይ ለጠፈችለት። «ንብረታችሁን ተረከብ። ያቺ ማሽናችሁ ለእናንተ ልክ ናት። መቁረጥ ታውቃለች።»

በሩን ከፍታ ወደ ኮሪደሩ ጮኸች። «ተረኛ!»

ማሙሽ ፖስታውን እንደታቀፈ ወጣ። ደረቱን በእጁ ደግፎ የያዘ ጎልማሳ ገባ። እሳቷ ደረቱን ከማሽኑ ጋር አስተካከለች፣ ወደ መቆጣጠሪያው ሄደች፣ «ትንፋሽ ይውሰዱ፤ ይያዙ» አለች። ቁልፉን ተጫነች። ከዚያ በመስኮቱ ግቢውን አቋርጦ የሚሄደውን ሰው ጀርባ አየች። ትከሻው ወርዶ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ዞር ቢል ብላ ተመኘች፤ ቢዞር ደግሞ ፊቷን ለማዞር ተዘጋጀች።

«እህቴ» አለ ጎልማሳው በታነቀ ድምፅ፣ «አሁን መተንፈስ ይቻላል?»

«ይተንፍሱ» አለች። ራሷ ግን አልቻለችም።

* * *

አርብ ከሥራ ስትመለስ እናቷ አንድ ወረቀት ሰጧት። «ራሱ ነው ያመጣው። ግባ ብለው እምቢ አለ። ፊቱ ያልተተኮሰ ሸሚዝ መስሏል» አሉ። የማሙሽ ጽሑፍ ነበር፤ ቀጥ ቀጥ ያለ፣ የአርክቴክት እጅ።

«እሳቷ፦ ትንሿን ማሽን መለስኳት። እህቴ አኩርፋለች፤ ይለፍላት። ካሜራ፣ ማቆሚያና የቅርብ ሌንስ ገዝቻለሁ፤ ለስላይዶቹም ሰው አረንጓዴ የማያደርግ አዲስ ሰሌዳ። ጥቁርና ነጩን ግን በሱ አላነሳም። ያ ፎቶ ያንቺ እናት ፎቶ ነው፤ የሚበራውም ባንቺ ብርሃን ነው። ካልመጣሽ ሳይነሳ ይቀራል። ለእናቴ ለብቻዋ ልነግራት የፈለግኩት እንድትዘጋጅ ነበር፤ ይቅርታ ለመጠየቅ። አንቺን ለመደበቅ አልነበረም። ሱቁ ውስጥ ዝም ማለቴ ግን ፍርሃት ነበር፤ እሱን አልክድም። እንደ በሽተኞችሽ ትንፋሽ ያዝ ብለሽ ነው ያስወጣሽኝ። እስካሁን እንደያዝኩ ነው።»

እሳቷ ወረቀቱን አጠፈችው። ዘረጋችው። እንደገና አጠፈችው።

«ወረቀቱ ምን በደለሽ?» አሉ እናቷ። «ትሄጃለሽ ወይስ አትሄጂም?»

«አንቺ ካልመጣሽ አልሄድም።»

እናቷ ቆርጠው ያበቁትን ጨርቅ አራገፉ። «እኔ እዚያ ቤት ስገባ በጓሮ በር ነበር» አሉ። ቀጥለው ጨርቁን ደጋግመው አጣጠፉ፤ እሳቷ እምቢ ሊሉ ነው ብላ ስታስብ፣ «ያን ሰማያዊ ካፖርቴን አውጪው። መተኮስ ያስፈልገዋል» አሉ።

* * *

በሩን የከፈተችው ዳይሬክተሯ ነበረች። ሰሌዳዋን የተሸከመችውን እሳቷን አየች፤ አጠገቧ ያሉትን ሴትዮ አየች።

«ዕቃ በጓሮ በኩል ነው የሚገባው» አለች።

«ይግባ» አሉ የእሳቷ እናት። «እኛ ግን ዕቃ አይደለንም።» አልፈዋት ገቡ፤ በሰማያዊ ካፖርታቸው፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው።

ሳሎኑ በዘመድ ተሞልቷል። መሐንዲሱ አባት ወንበራቸውን ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት አስጠግተው፣ በዳር ዓይናቸው ለማየት ፊታቸውን ወደ ጎን ዘንበል አድርገዋል። አጠገባቸው ሚስታቸው እንደ ፎቶው ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። የእሳቷን እናት ሲያዩ እጃቸው ወደ አንገታቸው ሄደ። ማሙሽ ከካሜራው ማቆሚያ ጀርባ ቆሞ ነበር። ዓይኑ ከእሳቷ ዓይን ጋር ሲገናኝ የሌንሱን ክዳን ከእጁ ጣለው።

«አንሳው» አለችው። ያለችው ይህን ብቻ ነው፤ ድምፅዋ ግን ከፈለገችው በላይ ለሰለሰ።

ስላይዶቹ አለፉ። ድልድዮች፣ ሠርጎች፣ ሰው የራሱን ቀጭንነት እያየ «ይሄ እኔ ነኝ?» የሚልባቸው ፎቶዎች። ሙሽሮቹም ዛሬ መልካቸው ተመልሶላቸው ነበር፤ አንዱ አጎት «አረንጓዴው ይሻለኝ ነበር፣ ቢያንስ ወጣት ያስመስላል» ብሎ ሳሎኑን አሳቀው። ከዚያ ማሙሽ አዲሱን ሰሌዳ አነሣ። እሳቷ የራሷን አስቀመጠች፤ ተንተባትቦ በራ። ፊልሙን አነጠፈችው። እጇና እጁ በፊልሙ ላይ ተነካኩ፤ ሁለቱም ለማንሳት አልቸኮሉም።

ፎቶው ቴሌቪዥኑን ሞላው፤ በኮምፒውተሩ ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ሆነ። እናም የእሳቷ እናት፣ ወጣት ሆነው፣ ሜትር አንገታቸው ላይ፣ ሆዳቸው ገፍቶ፣ ልጁን በአንድ እጃቸው ደግፈው፣ ከጠርዙ ወጡ።

ዘመዱ ሁሉ አንዴ ቴሌቪዥኑን፣ አንዴ ግድግዳውን አየ።

«ይሄ ልክ አይደለም» አለች ዳይሬክተሯ ወደ ግድግዳው እያመለከተች። «ልኩ ያ ነው። ማሙሽ፣ ዳሩን ቁረጠው።»

«አይቆረጥም።»

«ማሙሽ!» አሉ እናቱ።

«ነግሬሻለሁ፣ እማዬ። ለብቻሽም ነግሬሻለሁ። አሁን ደግሞ በሰው ፊት እናገራለሁ።» ጆሮውን አላከከም። «ይህቺ የደገፈችኝ ሴት እኚህ ቆመው የምታዩአቸው እናት ናቸው። በሆዳቸው ያለችው ደግሞ ይህቺ ናት፤ የማገባት ሴት። ይሄ የእኔና የእሷ የመጀመሪያ ፎቶ ነው። እኛን ነው ቆርጣችሁ ስትስቁብኝ የኖራችሁት።»

«ማን ጠየቀኝ?» አለች እሳቷ።

ዘመድ ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ጉንጮቿ ነደው ነበር።

«የማገባት ሴት አልክ። እኔን ጠይቀሃል? ወይስ ይሄንንም ያለኔ ቆረጥከው?»

አንዲት አክስት አፏን በእጇ ያዘች። ማሙሽ ከማቆሚያው ጀርባ ወጣ፤ ፊቷ ቆመ።

«አልጠየቅኩሽም» አለ። «አሁን እየጠየቅኩሽ ነው። እነሱ ፊት። እምቢ ካልሽም እነሱ ፊት በይኝ።»

እሳቷ መልስ ነበራት። ግን ዓይኗን ወደ እናቷ መለሰች። የማሙሽ እናት በዚህ መሃል ተነሥተው የእሳቷ እናት ፊት ደርሰው ነበርና።

«ሳሳጥበው ቤተሰብ ብቻ ይሁን አልኩኝ» አሉ፣ ድምፃቸው ደረቅ ነው። «ያኔ እንደዚያ ነበር የሚደረገው።»

«አውቃለሁ» አሉ የእሳቷ እናት። «ለወቀሳ አልመጣሁም። ግን ልብሱን ይዩት። የልጅቷን ሽንሽን፣ የልጁን ካፖርት፣ የእርስዎን ባለኮሌታ ቀሚስ። ሁሉም የእጄ ነው። እኔን ከዳር ቆረጣችሁኝ፤ መሃል ያላችሁት ግን እኔን ነው የለበሳችሁት።»

የማሙሽ እናት ቴሌቪዥኑን አዩ፤ የራሳቸውን ወጣት አንገት አዩ።

«ኮሌታው ያንቀኝ ነበር» አሉ ቆይተው።

«ይላላ ብዬዎት ነበር። ቀጥ ይበል አሉኝ።»

«ብያለሁ።» በአሮጊቷ ከንፈር ጫፍ ላይ ከፈገግታ የሚቀድም ነገር ተንቀጠቀጠ። የገዛ ወንበራቸውን ጀርባ ይዘው ሳቡት። «ይቀመጡ» አሉ። በዚያ ቤት ይህን ቃል ለልብስ ሰፊዋ ሲሉ የመጀመሪያቸው ነበር። የእሳቷ እናትም ካፖርታቸውን ሰብስበው፣ ሳይቸኩሉ፣ ቦታው የራሳቸው እንደሆነ ሁሉ ተቀመጡ።

«አሁን ዝም በሉልኝ» አሉ መሐንዲሱ አባት።

ፊታቸውን ወደ ጎን ዘንበል አድርገው ቴሌቪዥኑን በዓይናቸው ዳር ይዳስሱት ነበር።

«ይሄን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ሴትዮዋን አያታለሁ። ሜትሩንም አያለሁ። በሌንሱ ውስጥም አይቻት ነበር፤ እሷ ባትይዘው ልጁ ይወድቅ ነበር፣ ፎቶም አይኖርም ነበር። ታጥቦ ተቆርጦ ሲመጣ ግን ዝም አልኩ። ዳሩን ብቻ የሚያይ ዓይን እስኪመጣብኝ ዝም አልኩ።» እጃቸውን ወደ አየሩ ዘረጉ። «መሃሉ ግን ጠፍቶብኛል። አንቺ ልጅ፣ ነይ ወደዚህ። የሰው ውስጥ ታነቢያለሽ ይሉሻል። መሃሉን አንብቢልኝ።»

እሳቷ አጠገባቸው ተንበረከከች። የተዘረጋውን እጅ ያዘች።

«ባለቤትዎ አሉ» አለች። «ቀጥ ብለዋል፤ ኮሌታው አንቋቸዋል።» ሳሎኑ በቀስታ ሳቀ። «ልጅዎ አለች፤ አንዱን ካልሲዋን ከፍ፣ አንዱን ዝቅ አድርጋለች። ያኔም ፊቷ ሰው ያዛል።» ሳቁ ጨመረ፤ ከሳቁ ውስጥ የዳይሬክተሯም ነበረበት።

«ልጁስ? ወዴት ነው የሚያየው? ግድግዳው ላይ ያለው ሁልጊዜ ወደ ውጭ ነው የሚያየው። ልቡ እዚህ የለም እያልን ነው የኖርነው።»

እሳቷ ቀና ብላ አየች። በቤቷ ሰሌዳ ላይ ያየችው ጣቶቹን ነበር፤ ሆስፒታል ያየችው ቁጣዋን ነበር። የልጁን ዓይን ተከትላ እስከ መጨረሻው አልሄደችም ነበር። አሁን ሄደች። ካፖርት የለበሰው ሕፃን አንገቱን አዙሮ፣ አፉን ከፈት አድርጎ፣ የተቆረጠውን ጠርዝ አልፎ፣ ከሰማያት የወረደ ነገር እንዳየ ሰው ያያል፤ ወደ ሜትሩ አይደለም፣ ወደ ሴትዮዋ ፊትም አይደለም። ወደ ገፋው ሆድ ነው።

ከጀርባዋ ማሙሽ ቆሟል። ትንፋሹን እንደያዘ ነው፤ ሳታየውም አውቃለች።

«ወደ እኔ ነው የሚያየው» አለች እሳቷ፣ እንባዋን ሳትጠርግ፣ አንገቷን እንደ እናቷ ቀና አድርጋ። «ወደ እኔ ነው፣ አባባ።»